በቱሪዝም ማስተርስ መማር ለጎንደር ልጅ ምን ያደርግለታል?

የጃንተከል ጥላ
ማክሰኞ፣ ማታ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ጎንደር ተወልጄ ጎንደር ያደግሁ ነኝ። በቱሪዝም ማኔጅመንት የመጀመሪያ ዲግሪ አለኝ። ሰባት ዓመት አስጎብኝቻለሁ። ፋሲል ግቢ፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ ቁስቋም፣ አልፎ አልፎም ሰሜን ተራሮች። መጀመሪያ ኮሮና መጣ። ቀጥሎ ጦርነቱ። ከዚያ በኋላ ነገሩ እንደበፊቱ አልሆነም። አሁን ጠዋት ጠዋት የአክስቴ ልጅ ካፌ ውስጥ ሒሳብ እይዛለሁ። ስልኬ በጠራ ቁጥር ግን እንግዳ መጣ ብዬ ልቤ ይዘላል።

ዘላቂ ቱሪዝም ፖሊሲና አስተዳደር በማስተርስ ደረጃ ለመማር ካሰብኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። እናቴ «ያለውም ሥራ ጠፍቶ በወረቀት ላይ ወረቀት ምን ይሠራልሻል?» ትለኛለች። ክፉ አስባ አይደለም። እሷ የምታውቀው ቱሪዝም ጥምቀት ሲደርስ ቤታችንን የሚሞላው እንግዳ ነው። ዘንድሮም 11 ሰው መጥቶ ሳሎኑ ላይ ተነጥፎላቸው ሦስት ሌሊት አድረው ሄዱ።

ልጠይቃችሁ። የተማራችሁ ካላችሁ፣ እውነት ምንድን ነው የሚያስተምሩት? እዚሁ ልማር ወይስ ውጭ ልሞክር? ቱሪስት በሌለበት ከተማ ይህን መማርስ ከንቱ ድካም አይሆንብኝም?

---

ማራኪ ግቢ
ማክሰኞ፣ ማታ 4፡15

እንኳን ጠየቅሽ። እኔ የጨረስኩት አምና ነው፣ ስለዚህ ትኩስ ትኩሱን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ነገር፣ ይሄ ትምህርት የተሻለ አስጎብኚ አያደርግሽም። አፄ ፋሲል ከተማዋን እ.ኤ.አ. በ1636 እንደቆረቆሩ እዚያ የሚነግርሽ የለም፣ አንቺ ታውቂዋለሽ። እዚያ የሚጠየቀው ሌላ ነው። የትኬቱ ገንዘብ ወዴት ይሄዳል? ማን ይወስናል? ግንቡ ጥግ የሚኖረው ሰው ምን ይደርሰዋል? ወረቀት ላይ ያለው ደንብና በሩ ላይ የሚሠራው አሠራር ለምን ተለያዩ? ፖሊሲ የሚሉት ይሄንን ነው። አስተዳደር ደግሞ የተወሰነውን ነገር ነገ ጠዋት ማን፣ በምን ገንዘብ፣ በስንት ሰው ይሠራዋል የሚለው ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጥሽ። «የመሸከም አቅም» የሚባል ነገር ትማሪያለሽ። አንድ ቦታ ስንት ሰው ይችላል ማለት ነው። ሲሰሙት ቁጥር ይመስላል። አሁን የእኛን ባህረ ጥምቀት አስቢው። ጥምቀት በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 2012 ነው። በወሩ፣ በዚያው ጥር፣ ፋሲለደስ መዋኛ ላይ ለታዳሚ የተሠራው የእንጨት መቀመጫ ተደረመሰና ሰው ሞተ። እኔ ከተማው ውስጥ ነበርኩ። የአምቡላንሱ ድምፅ እስከዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ታዲያ ጥያቄው «ስንት ሰው ነው የሚበዛው?» ብቻ ነው? አይደለም። ሰው በየት ይገባል፣ በየት ይወጣል፣ መቀመጫውን ማን አይቶ ፈረመ? ለዚህ ነው ብዙዎቹ ተመራማሪዎች ቁጥሩን ትተው «የትኛውን ለውጥ እንቀበላለን፣ የትኛውን አንቀበልም?» ብሎ ወደ መጠየቅ የሄዱት። ክፍል ውስጥ ይህን ስንማር ዝም ብዬ ነበር ቁጭ ያልኩት።

አገር ቤት ከሆነ ኤንጋት የሚባለውን የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ታልፊያለሽ። ትምህርቱ በአብዛኛው ሁለት ዓመት ነው፣ አንዱ ዓመት ኮርስ፣ አንዱ ቴሲስ፣ የመመረቂያ ጥናቱ ማለት ነው። አስጎብኚዎችን የሚከብዳቸው የምርምር ዘዴና ስታትስቲክስ ነው። ከአሁኑ ጀምሪው።

ስለ ቴሲስ ደግሞ አደራ። መደርደሪያው ሁሉ «የቱሪዝም ዕድሎችና ተግዳሮቶች በእንትን ከተማ» በሚል ርዕስ ተሞልቷል። የከተማውን ስም ብትቀያይሪው ውስጡ አይለወጥም። አንቺ እንዲህ አታድርጊ።

---

ሊማሊሞ
ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡20

እኔ የደባርቅ ሰው ነኝ። ማስተርስ አልተማርኩም። በቅሎ ጭኜ፣ ኋላም ለእንግዳ ምግብ እያበሰልኩ ከሃያ ዓመት በላይ በሰሜን ተራሮች ፓርክ ሳንቃበርና ጨነቅ ተመላልሻለሁ። ልጄ፣ ቅር ካላለሽ እኔም አንድ ነገር ልበል።

ተማሪ ብዙ አይተናል። መጠይቅ ይዞ ይመጣል። «በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ፣ አልስማማም» ይላል። እሳት ዳር ተቀምጠን እንሞላለታለን። ጠላ እንቀዳለታለን። ከዚያ ወዲያ ዓይኑን አናየውም። የጻፈው ምን እንደሆነ አናውቅም። እኔ ብቻዬን ስንት ወረቀት እንደሞላሁ አላስታውሰውም፣ አንዱም ተመልሶ አልተነበበልኝም።

ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም ቅርስ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1996 አደጋ ላይ ነው ተባለ። ዋልያው አንሷል፣ ሰዉ በዝቷል፣ መንገዱ በመሀል ያልፋል ተብሎ ነው። ፓርኩ ውስጥ የነበረችው የግጭ መንደር ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ ደባርቅ ወረዱ። በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2017፣ ፓርኩ ከአደጋ መዝገብ ወጣ። ደስ ብሎናል፣ አልዋሽም። ዋልያ የእኛም ነው። ግን ከግጭ የወረደ አንድ ጎረቤቴ አለ። ማታ ማታ በረንዳው ላይ ቆሞ ወደ ላይ ያያል። በጉን ያረባበት፣ ገብሱን የዘራበት አገር ነዋ። የሱን ነገር የሚጽፍ ሰው ይፈለጋል። ፓርኩን ለመስደብም አይደለም፣ ሰውየውን ለማባበልም አይደለም። በትክክል የሚጽፍ ማለቴ ነው።

ትማሪ እንደሆነ ተማሪ። የጻፍሽውን ግን መልሰሽ አምጪልን።

---

ማራኪ ግቢ
ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡05

ጋሼ፣ ያሉት ልክ ነው። እኔም ከእነዚያ ተማሪዎች አንዱ ነኝ። ደባርቅ ላይ መጠይቅ በትኜ ውጤቱን ለማንም አልመለስኩም። በዚህ ወር ባለ ሁለት ገጽ አማርኛ አድርጌ አመጣዋለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎት። በቅሎ ጫኚዎች በተራ ነው የምትሠሩት አይደል? ተራውን ማን አወጣው?

---

ሊማሊሞ
ረቡዕ፣ ቀን 7፡50

እኛው ነን። ዱሮ አንድ መኪና ሲቆም ሃያ ሰው ይሮጥ ነበር። እንግዳው ይደነግጣል፣ እኛም እንጣላለን። ኋላ ተሰብስበን ስም በስም መዘገብን። የደረሰው ይሄዳል። የታመመ ሰው ተራው ይጠበቅለታል። ተራ የዘለለ ይቀጣል።

---

ማራኪ ግቢ
ረቡዕ፣ ቀን 8፡30

ጃንተከል፣ ይሄውልሽ ፖሊሲ። ኤሊኖር ኦስትሮም የምትባል አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ2009 በኢኮኖሚክስ ኖቤል ያገኘችው በዚህ ዓይነት ነገር ነው። የጋራ ግጦሽን፣ የጋራ ውሃን፣ ዓሣ ማስገሪያን ሰዎች ራሳቸው ባወጡት ደንብ ሳያጠፉት ለብዙ ዘመን እንደሚኖሩ አሳየች። ደንቡ እንዲሠራ ግን ድንበሩ መታወቅ አለበት፣ የሚያጠፋው መቀጣት አለበት፣ ቅጣቱም በደረጃ መሆን አለበት አለች። መንዝ ላይ ጓሳ የሚባለው የጋራ የሣር መሬት እንዲሁ ነበር የሚጠበቀው። ለዓመታት ይዘጋል፣ ጊዜው ሲደርስ ለሣር አጨዳ ይከፈታል። ጋሼ የነገሩን ተራ የዚያ ወንድም ነው። ማስተርሱ የሚሰጥሽ ይሄንን የምታዪበት ዓይን ነው። ተራው ከትምህርቱ በፊትም ነበረ።

---

ብርድ አገር ያለሁ
ረቡዕ፣ ማታ 3፡00

እህቴ፣ እኔ የአዘዞ ልጅ ነኝ። አሁን አውሮፓ ውስጥ የዚህኑ ትምህርት ሁለተኛ ዓመት እየተማርኩ ነው።

መጀመሪያ የስኮላርሺፑን ነገር ቶሎ ልጨርሰው። የአውሮፓ ኅብረት ኢራስመስ ሙንዱስ አለ፤ የቱሪዝም ማስተርስ ከሦስት አገር ዩኒቨርሲቲዎች ጋር የሚሰጥበት ፕሮግራም አለው። የእንግሊዝ መንግሥት ቼቭኒንግም አለ። ቼቭኒንግ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፣ ስትጨርሺም አገርሽ ተመልሰሽ ሁለት ዓመት መቆየት አለብሽ። ሰባት ዓመት ማስጎብኘት የሥራ ልምድ ነው፣ አታሳንሺው። ማመልከቻውን ራስሽ ሙዪ። «እኔ አስጨርስልሻለሁ» የሚል ደላላ ጋ አንድ ብር እንዳትከፍዪ። እኔ ከፍዬ አልቅሻለሁ።

ትምህርቱ ጥሩ ነው። ግን ልብሽን አዘጋጂ። እዚህ ክፍል ውስጥ የሚወራው በአብዛኛው ስለ ቱሪስት መብዛት ነው። ቬኒስ እ.ኤ.አ. በ2024 ለቀን ጎብኚ 5 ዩሮ መግቢያ ማስከፈል ጀመረች። ቡታን በአዳር 100 ዶላር ታስከፍላለች። ሩዋንዳ ጎሪላ ለማየት 1,500 ዶላር ትጠይቅና ከፓርኮቿ ገቢ 10 በመቶውን በዙሪያው ላለው ሰው ትመልሳለች። ሁሉም ሊጠና የሚገባው ነው። የሩዋንዳው በተለይ ለሰሜን ተራሮች ብዙ ያስተምራል።

እኔን ግን አንድ ቀን መምህራችን «የአገርሽ ዋና ችግር ምንድን ነው?» ሲለኝ መልስ አጣሁ። የእኛ ችግር መብዛት አይደለማ። መጥፋት ነው። በትለር የሚባል ጂኦግራፈር እ.ኤ.አ. በ1980 ያወጣው ዝነኛ ኩርባ አለ። ቦታው ይገኛል፣ ያድጋል፣ ይጠግባል፣ ከዚያ ወይ ይወድቃል ወይ ይታደሳል። ጎንደርን እዚያ ላይ ላስቀምጣት ሞከርኩ። አልገባ አለችኝ። ጎንደር ጠግባ አልወደቀችም። መንገድ ተዘግቶባት ነው። ታዲያ «ዘላቂ» ማለት ለእኛ ቱሪስቱ ሲጠፋ ምን ይቀራል፣ ማንን ይዞ ይቆያል ማለት ሆነብኝ።

እና አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ማክሰኞ የጻፍሽውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። «ቱሪስት በሌለበት ከተማ» ብለሻል። እዚያው ላይ ደግሞ ቤታችሁ 11 ሰው ሦስት ሌሊት አደረ ትያለሽ።

እነዚያ ሰዎች ምንድን ናቸው?

የመጀመሪያው ሴሚስተር የመጀመሪያ ሳምንት የተማርነው ይሄን ነው። በተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ትርጉም፣ ከሚኖርበት አካባቢ ወጥቶ፣ ተቀጥሮ ለመሥራት ሳይሆን፣ ከዓመት ላነሰ ጊዜ የሄደ ሰው ጎብኚ ነው። ካደረ ደግሞ ቱሪስት ነው። ለመንፈሳዊ በዓል የሄደም፣ ዘመድ ጥየቃ የሄደም ይቆጠራል። ዜግነት አይጠየቅም። ሆቴል አደረ አላደረም አይባልም። እናትሽ ቤት 11 ቱሪስት ነበር፣ እህቴ። 33 አዳር ማለት ነው። የትኛው መዝገብ ላይ ተጻፈ?

---

የጃንተከል ጥላ
ረቡዕ፣ ማታ 4፡45

ይሄን አንብቤ ተነሥቼ ሳሎን ገባሁ። እናቴ ተኝታለች። መብራቱን አብርቼ ወለሉን አየሁት። ሰባት ዓመት ሙሉ እንግዳ ማለት ቦርሳ ያዘለ ፈረንጅ ነው ብዬ ነው የኖርኩት። ዲግሪም ይዤ።

ነገ በደንብ እጽፋለሁ።

---

ኖራና ድንጋይ
ሐሙስ፣ ጠዋት 2፡10

ከርዕሱ ትንሽ እወጣለሁ። ግንበኛ ነኝ። የጥንት ግንብ ጥገና ላይ ሠርቻለሁ። ፖሊሲ ሲባል ወረቀት ብቻ ለሚመስላችሁ ነው ይህን የምጽፈው።

ጣሊያን በወረራው ጊዜ ፋሲል ግቢን በሲሚንቶና በብረት ኮንክሪት ጠገነው። ከነፃነት በኋላ በተሠራው ጥገና ወደ ኖራ ተመለሰ። ለምን? ድንጋዩ ይተነፍሳል። ኖራ እርጥበቱን ያሳልፈዋል። ሲሚንቶ ያፍነዋል። ውሃው መውጫ ሲያጣ ድንጋዩን ከውስጥ ይበላዋል። ጣትህን ስታሳርፍበት እንደ አሸዋ ይረግፋል። በእጄ ነክቼ ነው የምናገረው።

ኖራ ግን ጊዜ ይፈልጋል። ውሃ ጠጥቶ፣ ጉድጓድ ውስጥ ከርሞ፣ እንደ ቅቤ ሲለሰልስ ነው የሚሠራበት። ከተለሰነ በኋላም ቀስ እያለ ነው የሚጠነክረው። አሁን የበጀት ዓመቱን አስቡት። ሰኔ 30 ይዘጋል። አንድ ሥራ ላይ፣ የት እንደሆነ አልናገርም፣ ገንዘቡ ዘግይቶ ግንቦት ላይ ተለቀቀ። ሰኔ ሳያልቅ ጨርሱ ተባልን። ያልከረመ ኖራ ይዘን በዝናብ ለሰንን። ሐምሌ ላይ ታጥቦ ወረደ። ሠራተኛው አልሰነፈም። ኖራውም አልከፋም። የቀን አቆጣጠሩ ነው ያበላሸው። እናንተ ማስተርስ የምትማሩ ልጆች ይሄንን አስተካክሉልን። የጥገና ገንዘብ በመስከረም ይለቀቅ። እኔ ሌላ አልጠይቅም።

---

የወለቃ ልጅ
ሐሙስ፣ ቀን 6፡30

እኛ ጋ፣ ሸክላ ሠሪዎቹ መንደር ወለቃ፣ የእንግዳ መኪና የሚቆመው ለአሥር ደቂቃ ነበር። ሸክላውን ለመሥራት፣ ለማድረቅ፣ ለመተኮስ ቀናት ይፈጃል። እንግዳው ፎቶ አንሥቶ አንድ ትንሽ የሸክላ አንበሳ ገዝቶ ይሄዳል። የቆይታውን ጊዜ የሚወስነው ሾፌሩ ነው። ይሄም ይጠና።

---

የጃንተከል ጥላ
ሐሙስ፣ ማታ 3፡20

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የግንበኛውን ጽሑፍ ለእናቴ አነበብኩላት። «ልክ ነው፣ ዳቦም ሳይቦካ አይጋገርም» አለች።

ከዚያ የ11ዱን እንግዶች ነገር አነሣሁባት። ለጥምቀት ስንት እንደምታወጣ ጠየቅኋት። መጀመሪያ ተቆጣች። «እንግዳ ይቆጠራል እንዴ? ነውር ነው!» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ እኛ ቤት የእንግዳ ሒሳብ አይሠራም። እኔም አፈርኩና ዝም አልኩ። ቡና ተፈላ። ሁለተኛው ላይ ራሷ ጀመረችው። «ለመሆኑ ማን ይጠይቀናል? ለከተራ መንገዱን የሚጠርገው ሰፈሩ፣ የሚያሳድረው ሰፈሩ። ባለሆቴሉ ስብሰባ ይጠራል፣ እኛ አንጠራም» አለች።

ተነሥታ ከቁምሳጥኑ ላይ የዱቤ ደብተሯን አወረደች። ከባለሱቁ ጋር የሚተሳሰቡበት ሰማያዊ ደብተር ነው። ከጥር 1 ጀምሮ ያለው ሁለት ገጽ ሙሉ ነው። ጥር 10 ገሃድ ስለሆነ ሽሮ፣ ምስር፣ ዘይት። ለጥር 11 ዶሮና እንቁላል፣ ቅቤ ከገጠር የመጣ። ጌሾ ከሁሉ ቀድሞ ተገዝቷል። ስኳር ሦስት ጊዜ ተደጋግሟል። ሻማ። ሳሙና። ከዚያ እንግዶቹ ይዘውት የመጡት ደግሞ አለ። ከሁመራ ሰሊጥ፣ ከአዲስ አበባ ነጠላ፣ ሲሄዱ ትራስ ሥር የተውት ብር። ብሩን አሁን ነው የነገረችኝ።

ርዕሴን ያገኘሁት ይመስለኛል። «ለጥምቀት ጎንደር የሚመጣ የአገር ውስጥ እንግዳ የት ያድራል፣ ወጪውን ማን ይሸከመዋል፣ ጥቅሙስ ለማን ይደርሳል?» ማራኪ፣ ይሄ ይበዛል?

---

ማራኪ ግቢ
ሐሙስ፣ ማታ 4፡00

ይበዛል፣ ግን መንገዱ ላይ ነሽ። ከተማውን በሙሉ አትችዪውም። አንድ ቀበሌ ያዢ። ከተቻለም ከባህረ ጥምቀቱ በእግር የሚደረስ አንድ ሰፈር። 40 ቤት ይበቃሻል፤ ቤት ለቤት ሄደሽ፣ ቡና ጠጥተሽ የምታወሪው። መጠይቅ ሳይሆን ደብተር ስጫቸው። ከጥር 1 እስከ 15 ያወጡትንና የተቀበሉትን ራሳቸው ይጻፉ። መጻፍ ለማይችል ልጁ ይጻፍለት።

ይሄ ለፖሊሲ ምን ይጠቅማል የሚልሽ አማካሪ አይጠፋም። መልሱን ከአሁኑ አዘጋጂ። ውሃ በበዓሉ ሦስት ቀን ለየትኛው ሰፈር በፈረቃ ይደርሳል? ቆሻሻው መቼ ይነሣል? የአምቡላንስ መንገዱ በየት ነው? ይሄ ሁሉ የሚታቀደው ሰው የት እንዳደረ ሲታወቅ ነው። ሆቴሉን ብቻ ቆጥሮ የሚያቅድ ሰው ሌላውን እንግዳ አላየውም።

አገር ቤት ወይስ ውጭ ላልሽው፣ በዚህ ርዕስ እዚሁ ብትማሪ ደስ ይለኛል። ጥር ላይ ጎንደር መሆን አለብሽ።

---

ብርድ አገር ያለሁ
ሐሙስ፣ ማታ 5፡30

እኔ ደግሞ ሁለቱንም ሞክሪ እላለሁ። ውጭ ብትማሪም ለመረጃ መመለስ ይቻላል። ግን ማራኪ ያለው ገብቶኛል። እኔ ቴሲሴን የምሠራው ስለ አንድ የስፔን የባህር ዳርቻ ነው። በየማታው ስለ አዘዞ እያሰብኩ።

የሰሊጡንና የነጠላውን ነገር እንዳትተዪው። በቱሪዝም ሒሳብ አሠራር ላይ በዘመድ ቤት ያደረ እንግዳ በነፃ ያገኘው ማደሪያና ምግብም በብር ተተምኖ የሚታሰብበት መንገድ አለ። ምንባቦቹን በግል እልክልሻለሁ።

---

ሊማሊሞ
ዓርብ፣ ጠዋት 1፡00

እናትሽ ልክ ናት። ስብሰባ ሳይጠሩት መጠይቅ የሚሞላ ሰው ሆነን ኖረናል። 40ውን ቤት ስትጨርሺ መጀመሪያ ለ40ው ቤት አንብቢላቸው፣ ቴሲሱ ከመታተሙ በፊት። የተሳሳትሽው ካለ ያርሙሻል። እኔም ለጥምቀት እመጣለሁ፤ ቦታ ካለ እናንተ ጋ አድራለሁ፣ ጻፊኝ።

---

የጃንተከል ጥላ
ዓርብ፣ ማታ 2፡15

ቦታ አለ ጋሼ። እናቴ አሁኑኑ ይምጡ ብላለች።

የፈተናውን ምዝገባ እየተከታተልኩ ነው። የስታትስቲክስ መጽሐፍ ከአንድ ልጅ ተውሻለሁ። ካፌ ቁጭ ስል አነባለሁ።

አንድ ነገር ግን ግራ ገብቶኛል። ደብተሩ ላይ ጥር 9 «ፍራሽ 4፣ ከእነ እትዬ ቤት፣ ብርድ ልብስ 6፣ ከማዶ» ይላል። ገንዘብ አልተከፈለበትም። እነሱም ለፋሲካ የእኛን ድስት ይወስዳሉ። ይሄን የት ላስገባው?

---

ማራኪ ግቢ
ዓርብ፣ ማታ 2፡40

ለብቻው አምድ ሥሪለት። ማን ከማን ምን እንደተዋሰ፣ መቼ እንደተመለሰ። ወደ ብር አትቀይሪው፣ እንዳለ ጻፊው።